ስሜን የሰጠሃት አንበሳ

ልጄ ኮይካይ፣ አምላካችን እንጋይ ይጠብቅህ። እትፍ ብዬ ልመርቅህ ነበር፤ ንዴቱ አፌን አደረቀው እንጂ።

ላሞቹ ደህና ናቸው። እኔ ግን በአንተ የተነሳ መሳቂያ ሆንኩ! ያቺን የምታጠናትን እንስት አንበሳ በስሜ ኖላሪ ስትላት ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ የደቦሎቿን ፀጉር እዚያ ፈረንጅ አገር መርምረህ «ሁለት አባት ነው ያላቸው» ብለህ ለዱካ ተከታዩ ለፓርሙአት ጻፍክለት። እሱም አገር ለአገር ለፈለፈው። ውሃ ስወርድ ሴቶቹ «ኖላሪ፣ ሁለተኛው ማነው?» ይሉኛል።

አንተ ሞኝ! ወንዱ አንበሳ የእኔ አይደለም ያለውን ደቦል ይገድላል። እሷ ለሁለቱም ወንዶች «ያንተ ናቸው» ብላ ልጆቿን አተረፈች። እናት የሸፈነችውን ምን አስገለጠህ?

አባትህ ደህና ነው፤ «ቁርጥ እኔን!» እያለ እንደኮራብህ አለ።

በል፣ አሁን አፌ ረጠበ፤ እትፍ፣ እደግ ተመንደግ። አደራህን፣ የራስህን ፀጉር እንዳትመረምር።