ቀይ ክር የታሰረበት ድስት

ኅዳር 4 ቀን 1973፣ ሐሙስ

ኑርዬ፣ ዛሬ ጂኦሜትሪ ተፈተንን። ሁለተኛው ጥያቄ አልወጣልኝም። ማታ ስትገባ ታሳየኛለህ ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ... የት ነው የምትገባው?

እማዬ አሁንም እኛ ክፍል ናት። ባንተ ቦታ ትተኛለች። አባባ ከሐርቡ አልመጣም። ከቀበርንህ ወዲህ ሰደቃህን አላወጣም እንዳለ ነው። አንድ ሰው፣ ልጅህ ከሚነዳላቸው ኩባ ሐኪሞች ቤት አሳማ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ነግሮታል። ሼሆቹን ምን ብዬ ነው ዱዓ አድርጉለት የምላቸው ይላል። እማዬ ደግሞ ሰደቃው እስኪወጣ ሥጋ አልቀምስም ብላለች።

እውነት በልተሃል? አንድ ቀን ሙዝ ቆራርጠህ በዘይት ስትጠብስ፣ ጨው ስትነሰንስበት አይቼ፣ አበድህ እንዴ ብዬህ ነበር። ኩባዎቹ ናቸው ያስተማሩኝ አልህ። ሌላስ ምን አስተማሩህ?

ኅዳር 5

ደጉ መጣ። እናቱ፣ እትዬ አልታየች፣ ለኩባ ሐኪሞቹ ልብስ ታጥብ የለ? ዶክተር ኢልዳ፣ የሾፌራችንን ወንድም እሑድ ለምሳ ከነጓደኞቹ አምጪልኝ ብላታለች። አልሄድም ልል ነበር። ጓደኛችን በሺር ግን፣ ሄደን በዓይናችን አናየውም ወይ አለኝ። እንሄዳለን። ለእማዬ አልነገርኋትም።

ኅዳር 7፣ እሑድ



መንገድ ላይ በሺር ደጉን ሲያበሽቀው ነበር። "እናንተ ጴንጤዎች ጸልያችሁ ሁሉን ትበሉ የለ? ቀድመህ ቅመስና አሳማ ከሆነ ጥቀሰን።"

"በምን አውቀዋለሁ? ቀምሼው አላውቅ" አለ ደጉ።

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ከቀብርህ ወዲህ መሳቄን እንጃ።

ገበታው ላይ ሩዝ አለ። ጥቁር አደንጓሬ፣ መረቁ ቀለም የመሰለ። ሙዝ፣ ያው ባለጨው! በሺር አንዱን ጎርሶ ዓይኑ ፈጠጠ። ሙዝ ከሩዝ ጋር ይበላል እንዴ ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። መሃል ላይ ደግሞ ትልቅ ሙዳ ሥጋ፣ ቆዳው ተጠብሶ የደረቀ።

ምንድን ነው አልሁ። ዶክተር ኢልዳ ምንም ሳትደብቅ፣ "አሳማ" አለች።

በሺር እጁን ሰበሰበ። ደጉም ሰበሰበ።  እውነት ነው ማለት ነው... ያ ሰው አልዋሸም...

ዶክተር ኢልዳ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ድስት ይዛ ተመለሰች፤ ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ከሥጋው አርቃ ከፊቴ አስቀመጠችው።

"ይሄ የኑር ድስት" አለች በዚያ በሚሰባበር አማርኛዋ። "አሳማ እዚህ የለም። ሁልጊዜ የለም።"

 ያስረዳችኝ አብራን የነበረችው እትዬ አልታየች ናት። ዶሮህን በገዛ እጅህ አርደህ፣ በዚያች ድስት ለብቻ ነበር የምትሠራው። ክሩን ያሰርኸውም አንተ ነህ፣ እንዳይሳሳቱ። ዛሬ አንተ ስለሌለህ የጎረቤታቸውን የሐዋን ባል ለምነው አሳርደዋል። አብረሃቸው ትቀመጥ ነበር። ያ ሰው ያየውም ይህንኑ ነው፤ ገበታውን እንጂ ድስትህን አላየም።

ቢስሚላህ ብዬ በላሁ። ዶሮው በርበሬ የለው፣ ብርቱካንና ነጭ ሽንኩርት ብቻ። ይጣፍጥ አይጣፍጥ እንጃ። እንባዬ ገብቶበታል።

ስንወጣ ድስቱን አስታቀፈችኝ።

ኅዳር 8

ድስቱን ለእማዬ ሰጠኋት። ክሩን በጣቷ ዳሰሰችው። ከራሷ ሻርፕ የተመዘዘ ነው።

ኅዳር 13

አባባ መጣ። እትዬ አልታየች ራሷ መጥታ ያየችውን አንድ በአንድ ነገረችው። ፊቱ እንደጠቆረ ሰማት። ሲያበቃ፣ እስቲ ማዪልኝ አላት።

"ጋሽ ዘይኑልአቢዲን፣ እምነቴ መማል አይፈቅድልኝም። ያየሁትን ግን ነግሬዎታለሁ።"

ጨርሶ አያምናትም ብዬ ደነገጥሁ። አባባ ያለ መሐላ ነገር አይቀበልም። እሱ ግን ድስቱን ወደ ጉልበቱ ሳብ አደረገ።

"አሳማ በላ ያለኝ ሰውዬ ወላሂ እያለ ነበር የነገረኝ" አለ። "ሦስቴ ማለልኝ።"

ከዚያ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አባባ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ቀብሩ ላይ እንኳ...

ኅዳር 21፣ ሐርቡ

ሰደቃው ወጣ። ሼሆቹ የኑርን ስም እየጠሩ ዱዓ አደረጉ። ለሰው የተቀቀለው በትልልቁ ድስት ነው፤ የእማዬ ድርሻ ግን ባለቀይ ክሩ ውስጥ በሰለ። አባባ አጎረሳት።

እሷ ከአባባ ጋር ቀረች። እኔ ለትምህርቴ ማታውኑ ወደ ደሴ ተመለስሁ። በሐረጎ ዳገት ስናልፍ፣ የኑር መኪና የተገለበጠበት ቦታ ላይ፣ ዓይኔን አልጨፈንሁም።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ብቻዬን ነቃሁ። የሚያስነሳኝ ስለሌለ ጎሕ ሳይቀድ ነው የነቃሁት። ሰገድሁ። ከሰል አያያዝሁ። ከሐርቡ ካመጣሁት ሙዝ ሁለቱን ቆራርጬ ጠበስሁ። አንዱ ጎን አረረብኝ። ወንድሜ ኑርሁሴን ቢያየው ይስቅ ነበር። ጨው ነሰነስሁበት።

እየበላሁ ያችን ወረቀት ከኪሴ አወጣኋት። የጣቴ ዘይት ነካት። ሁለተኛውን ጥያቄ እንደገና ሞከርሁት፤ አንዴ ተሳሳትሁ፣ ሰረዝሁ፣ ከዚያ ወጣልኝ።

የተረፈውን ሙዝ ለበሺርና ለደጉ ጠቅልዬ፣ በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትሁ።