ነጩ ስንት ገባ?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7
ልብስ አጠብኩ፣ አጣጠፍኩ። የካንሰር መድኃኒቱ፣ ኪሞው፣ ዛሬም ተላለፈ። የልጄ የሶልያና አንድ ኩላሊት ከነካንሰሩ ከወጣ ወዲህ መድኃኒቱ መቀጠል ነበረበት፣ የተረፈ እንዳይኖር። ግን በሽታ የሚከላከልላት ነጭ የደም ሴሏ ወርዷል። «ኔክስት ዊክ» አሉኝ። ስንተኛው የሚቀጥለው ሳምንት?
በዚያ ላይ ሐኪሙ ለጥናት ከሷ የሚቀዳ ተጨማሪ ደም ጠየቀኝ። የኩላሊት ካንሰር ያለባቸው ልጆች ደም ውስጥ በሽታ ተከላካይ ሴሎቹ ምን እንደሚሆኑ ሊያዩ። እምቢ አልኩ። ያቺኑ ጥቂቷን ሊወስዱባት?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
የባለቤቴ የአክሊሉ አክስት፣ እማማ ዘነቡ፣ ሳይደውሉ ከሳን ሆዜ መጡ። በባስ፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው። እንግዳ በሐኪም መከልከሉን ደጃፉ ላይ ነገርኳቸው። የታመመ ሰው ሳይጠየቅ ሊቀር ነው? አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው...
«እኔ በሽታ ነኝ እንዴ፣ ልጄ?»
ፔርሙዙን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። በመጋረጃው አየኋቸው። ለምን ውሃ እንኳ አልሰጠሁም?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11
ወሬው አክሊሉን የሚሠራበት ወደብ ድረስ ቀድሞታል። አብሮት የሚሠራው ተኪኤ ከጎኑ መኪናውን አቁሞ፣ ሚስትህ ሴኪዩሪቲ ተቀጠረች አሉ፣ ብሎ ቀልዶበታል። አክሊሉ እራት ሳይበላ ተኛ። እኔስ ማንን ልቆጣ? የሴሉን ቁጥር?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14
ቁጥሩ አሁንም ዝቅ። ደም እየቀዳችሁ ያወረዳችሁት እናንተ ናችሁ አልኩት ሐኪሙን። አይደለም አለ፤ ኪሞው ነው፣ ሴሎቹ የሚሠሩበትን የአጥንት መቅኔም ይመታል። ለጥናቱ የሚፈልጉት አንድ ማንኪያ አይሞላም። ታዲያ የሌሎቹ ልጆች ቶሎ ሲመለስ የሷ ለምን ይዘገያል?
«አናውቅም» አለ። «የምንጠይቅሽም ለዚሁ ነው።»
አናውቅም... ጠረጴዛውን ብገለብጠው ደስ ይለኝ ነበር።
ሶልያና ከአልጋው ላይ፣ «ማሚ፣ ጀስት ሌት ዜም» አለች፤ ተያቸው ይውሰዱ ማለቷ ነው። ስድስት ዓመቷ ነው። እሺ አልኩ። የጥናቱ መልስ ለሷ በጊዜ እንደማይደርስ እያወቅሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21
ቁጥሩ ወጣ። ኪሞው ተሰጠ። የጥናቱም ደም ተቀዳ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን በሳምንቱ ተመልሶ ይወርዳል አሉ።
እማማ ዘነቡ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው... ነጩን ሴል፣ ተራ ጉንፋን ምን ሊያደርጋት እንደሚችል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28
ወርዷል። እንደተፈራው። በሩ ተዘግቷል።
ስልኩ ጠራ። እንዴት አደርሽ የለ፣ ምን የለ።
«ነጩ ስንት ገባ?» እማማ ዘነቡ ናቸው።
«ወርዷል፣ እማማ።»
«እንግዲያው አልመጣም። ጎረቤቴን ፋጥናንም ቅሪ ብያታለሁ።»
«ይምጡ እንጂ» አልኩ።
ውጭ ደረጃው ላይ፣ ከሶልያና ዝግ መስኮት ፊት ለፊት፣ ወንበር አውጥቻለሁ።