ብየዳ የማይፈልግ ብረት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ያ በብየዳው ጭስ የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ ሞተር እየተነሣ ይጠፋል? ዓይንህስ እንዴት ነው? መነጽርህን ሳታደርግ እንደማትበይድ ማልልኝ። ባለቤትህ ደህና ናት? ልጅህስ አደገች? እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። ባለቤቴም ይበላል፣ ይተኛል፣ ይቆጣል፤ እሱ እስከተቆጣ ድረስ ጤነኛ ነው።

ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢመስልህ አትሳቅብኝ። የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። እስካሁን ደብዳቤዬን ይጽፍልኝ የነበረው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነበር። እኔ ተናድጄ የምነግረውን እሱ እንደ ሱሪ እግር አጥፎ፣ አሳጥሮና ተኩሶ ነበር የሚልክልህ። ይኸኛው ሳይተኮስ ይድረስህ።

የሟች እህታችን ልጅ ትናንት መጥቶ፣ ሥራህን እንደምትለቅ ለአሠሪህ መናገርህንና በወሩ መጨረሻ ቤተሰብህን ይዘህ እንደምትመጣ አበሰረኝ። ነፋሱ ብለህ ስም ስታወጣለት አልተሳሳትክም። ከጸሐይ መብራት የሚያወጣው ሶላሩ ሰው እየፈለገ ነው፣ በያጅማ በመብራት ይፈለጋል ብሎ በስልክ የነገረህ እሱ ነው አሉ። ወንድሜ፣ ወሬው ውሸት ነው። ሳትነሣ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስህ ብዬ እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ሶላሩ ሲተከል ሥራ ነበር፤ አልክድም። ከከብት ማሰማሪያው እስከ ጉብታው ድረስ ያለው ሜዳ በሰው ተሞልቶ ነበር። ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ መስታወቱን እንደ ሙሽራ በጥንቃቄ የሚሸከም ነበር። ሻይ ሻጩ ሳይቀር ሻዩን ትቶ አካፋ ያዘ። የኛ ሰው ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ፉክክር ካላገኘ ሥራ አይጥመውም። የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር ተብሎ ተከፈለና ማን ብዙ ረድፍ ያቆማል ተባለ። አለቃው ይህን ሲያይ ለሚያሸንፈው ወገን ቆብ እሰጣለሁ አለ። ቆብ ነው ያልኩህ፤ ሌላ አይደለም። ነፋሱ የታች ሠፈር አዝማች ሆነ። ምሳቸውን ቆመው እየጎረሱ፣ እየተፎካከሩ፣ እየተሳደቡ ዓመት ይፈጃል የተባለውን ሥራ በመንፈቁ ጨረሱት። እኛ ሴቶቹም ዳር ቆመን እልል አልን። የምንሸኘው የገዛ እንጀራችንን መሆኑን ማን አስተዋለ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለካ ለእኛ ነው። የመጨረሻው ረድፍ በቆመ ማግስት ሁሉም ተሰናበተ። የታች ሠፈር ሰው ዛሬ ሥራ ፈትቶ አደባባይ ሲቀመጥ ከሩቅ ትለየዋለህ፤ ባለ ቆብ ነው።

አንተን ለሚመለከተው ለብየዳው ደግሞ ዓይኔ ምስክር ነው። ብረቱ እዚያው ከተሠራበት አገር ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ ቀለም ተቀብቶ ነው የሚመጣው። እዚህ ቀዳዳ ከቀዳዳ ገጥሞ ብሎን ማጥበቅ ብቻ ነው። አንተ በር ስትሠራ ግቢው በብልጭታ ይሞላ አልነበር? ያን ሁሉ ሜዳ ሲሞሉት አንዲት ብልጭታ አላየሁም። እጅህ ወርቅ ነው፤ ግን ብረቱ ብየዳ አይፈልግም።

እኔም ተቀጥሬ ነበር። መስታወቱ አቧራ ሲይዝ ኃይሉ ይቀንሳል ተብሎ ባልዲና ለስላሳ ጨርቅ ይዘን በማለዳ የምናጥብ ሴቶች ነበርን። ወገቤን ቢቆርጠኝም ደስ ይለኝ ነበር፤ ፊቴን አየው ነበር መስታወቱ ላይ፣ እየሳቅሁ። ከዚያ በሐዲድ ላይ ብቻዋን የምትሄድ ባለ ብሩሽ መኪና አመጡ። ምራታችን አልናት፤ አትበላ፣ አትጠጣ፣ መልስ አትሰጥ። ምራቲቱ ስትገባ አማቶቹ ወጣን። አለቃው የሥንብቱ ዕለት ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፣ «እማማ፣ ሥራው አለቀ ማለት እኮ ተሳካ ማለት ነው» አለኝ። ለማን አልኩት። ሰዓቱን አየ። ዛሬ ያን ሁሉ ሜዳ የሚጠብቁት ከከተማ የመጡ ዘበኞችና ኮምፒውተር የሚያዩ ሁለት ልጆች ናቸው።

ባለቤቴን መቼም አትጠይቀኝ። ሶላሩ መብራት ሲሰጥ የከተማችን የናፍጣ ሞተር ተዘጋ፤ እሱም ከሞተሩ ጋር ተዘጋ። ጉልበቱን የጨረሰው እዚያ እንደሆነ ታውቃለህ። አሁንም ጠዋት ጠዋት ጨርቁን ይዞ ይሄድና የቀዘቀዘውን ሞተር ወልውሎ ይመለሳል። ለምን ይደክማል ብለው ጎረቤቶች ተናግረውኝ ነበር፤ የሰው በድን እንኳ ታጥቦ ነው የሚቀበረው ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው።

መብራቱን ጠላሁት ማለቴ አይደለም። ቤታችን ገብቷል፤ ሞተሩ ሲጠፋ የምናበራው ኩራዝና ጭሱ ቀርቶልኛል፣ ዓይኔም አርፏል። ነገር ግን ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እንሰማ ነበር፤ እነዚህ ላሚቱን አግኝተው ከሰማይ እያለቡ ነው፣ እኛ ጥጃዋን ይዘን ቆመናል። ጸሐይዋን ሲያስገቡ ሰውንም አብረው ቢያስገቡት ምን ነበረበት? አንድ ነገር ሲበላሽ ጠጋኙ የሚመጣው በአውሮፕላን ነው። የኛን ልጆች ማስተማር ያን ያህል ከባድ ነው?

ነፋሱን ትናንት አስቀምጬ ለምን ዋሸኸው አልኩት። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አዞረው። አንተ ሥራ እንዴት ነው ብለህ ስትጠይቀው ፈትቻለሁ ማለት አሳፍሮት ሞልቷል አለህ፤ አንተ ደግሞ አመንከው። ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር፤ የእህታችንን ፊት አየሁበትና መለስኩት።

እንግዲህ ዛሬውኑ ወደ አሠሪህ ሂድ። እህቴ ከለከለችኝ በለው፤ ውርደቱን በእኔ አድርገው። ያ ጋራዥ ጭሱ ቢያስልህም ብረቱ አንተን ይፈልጋል። ልጅህን ከትምህርቷ ነቅለህ ለዚህ አደባባይ እንዳታመጣት።

ባለቤትህን ስመህ ሰላም በልልኝ። ለልጅህ አክስትሽ ፊደል ለይታለች በላት፤ እሷም ትጻፍልኝ። ያከራዩአችሁን ሴትዮ አመስግንልኝ። ባለቤቴ ሳልህን ቶሎ ታከም ብሎሃል። ነፋሱ ይቅር በለኝ ይላል፤ እሱን አንተው ታውቃለህ።

ወንድሜ፣ ከሄድክ ጀምሮ ክፍልህን ማንም አልተኛበትም፤ በየዓመቱ ኖራ እቀባዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ፊደል የቆጠርኩት አንድ ቀን በገዛ እጄ ና ብዬ ልጽፍልህ ነበር። አትምጣ።

እህትህ እታለም

ከሞተር ቤቱ ጀርባ፣ ከቤታችን
ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሰኞ