የምሥራቁ ግድግዳ

ጥቅምት 4

ከቅዳሴ ወጥቼ ተማሪዎቹን ዜማ ሳስጠና ዋልኩ። ድምፄ ተዘግቷል። የጥቅምት ብርድ ነው... ወይስ እርጅና?

ቤት ስገባ የትነበርሽ ጉልበቷን በቅባት ታሻለች። "እንዴት ዋልሽ?" "እግዚአብሔር ይመስገን።" በትዳር አርባ ሁለት ዓመት ስንኖር ከዚህ ሌላ መልስ ሰጥታኝ አታውቅም።

አመሻሽ ላይ ልጃችን ባምላክ መሐንዲስ ይዞ መጣ። እንዳልካቸው ይባላል፣ ጢሙ ገና አልጠናም። ልጆቹ ተባብረው አዘዞ ላይ የሚሠሩልንን ቤት ፕላን ዘረጋልኝ። ይህ የጭቃ ቤት ሳይወድቅብን እንድንገባበት ነው። መመረቅ ነበረብኝ። አፌን ለምርቃት ስከፍት ዓይኔ አንዲት ትንሽ ሣጥን ላይ አረፈ።

"ይህች ምንድን ናት?"

"ሽንት ቤት ናት መሪጌታ። ከመኝታችሁ በር አላት።"

በየት በኩል? በምሥራቅ! ለጸሎት የምቆመው ወደ ምሥራቅ ነው። ሥዕለ ማርያም የሚሰቀለው ምሥራቁ ግድግዳ ላይ ነው። ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ... መጻፉም ያሳፍራል።

ምርቃቱን ዋጥኩት።

ጥቅምት 6

ለመሐንዲሱ ደወልኩ። ወደ ሌላ ጎን ውሰደው አልኩት። ቦታው ወርዱ አምስት ሜትር ብቻ ነው አለኝ። በሰሜንም በደቡብም የጎረቤት ግንብ። በምዕራብ መንገድ። መሬቱ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ያዘቀዝቃል፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ከዚያ ሌላ አይሆንም። "መሬቱን አዙረው" ልለው ምንም አልቀረኝ።

ባምላክ ደግሞ፦ "አባባ፣ ሳሎን ቢጸልዩስ?" ቴሌቪዥኑ ፊት? እንግዳ ሲገባ ሲወጣ? ተቆጣሁት። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ያሉት እውነታቸውን ነው።

ጥቅምት 9

እኔው ልሥለው ብዬ ባለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በማስመሪያ ስታገል ዋልኩ። አምስት ጊዜ ሣልኩ። ሳሎኑን ወደ ኋላ፣ መኝታውን ወደ መንገዱ። እንግዳው በመኝታችን አልፎ ሊገባ ሆነ። መተላለፊያ ልተውለት ስል ክፍሉ ጠቦ አልጋው አልገባ አለ።

የትነበርሽ ከኋላዬ ቆማ አየችው። "እንግዳው ጫማውን አልጋችን ሥር ያውልቅ?" አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቀደድኩት።

ጥቅምት 14

ቀሲስ ዕንባቆምን አማከርኩ። አብረን ያደግን፣ አብረን የተማርን ነን። መጽሐፍ ልጥቀስ ብዬ ሳገላብጥ ከርሜ አንዳች አጣሁ አልኩት። "መጽሐፉ ይቅር ሐብተ ማርያም። ልብህ ከከበደው ያውጡልህ" አለኝ። መስማት የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ስለ ጸሎት ስንጨዋወት የትነበርሽን አነሳሁለት። ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ ውሃ እንኳ አትቀምስም፣ ከራሷ ጋር የገባችው ስእለት ቢሆን ነው፣ ለተማሪዎቼም ምሳሌ አደርጋታለሁ፣ እኛ ካህናቱ አፍረን እንቅር... "ታድለህ" አለኝ። እውነትም ታድያለሁ።

ጥቅምት 17

ቆረጥኩ። ሽንት ቤቱ ውጭ ይሁን። ከግቢው ታች፣ ጉድጓዱ አጠገብ፣ የድንጋይ ደረጃ ይሠራለት። እዚህስ ስንኖር ውጭ አይደለም ወይ?

ልጃችን ጽጌሬዳ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ እዚያው ሆና ደወለች። "ምነው አባባ? እማ በዚያ ጉልበቷ ደረጃ ልትወርድ ነው?"

"እናትሽ ምንም አላለችም።"

"መቼ ጠየቋት?"

ይኸው ጠየቅኋት። "መሪጌታ ያሉት ይሁን" አለች። ታዲያ? እንዳልካቸው በኮምፒውተሩ አጠፋት፣ ያቺን ሣጥን። ፊቱ ግን ሸጋ አልነበረም። ይሁን። አሸነፍኩ።

ኅዳር 3

ፕላኑ ለፈቃድ ገባ። ዛሬ እንኳ በሰላም ዋልኩ።

ኅዳር 13

ከሚካኤል ማኅሌት በኋላ ሰውነቴ ዝሎ ነበር። የትነበርሽን ጎኗን ወጋት፣ ትኩሳት ያዛት። ጽጌሬዳ መጥታ ሐኪም ቤት ወሰድናት።

ኩላሊት ነው አለ ሐኪሙ። "እናቴ፣ ውሃ አይጠጡም እንዴ?"

እኔ ቀድሜ መለስኩለት። "ጾመኛ ናት ዶክተር።" በኩራት ጭምር ነው ያልኩት። ጽጌሬዳ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

"ጾም አይደለም አባባ። እማ፣ ንገሪያቸው።"

"ተይ አንቺ!"

"እኔ ልንገራቸው?"

የትነበርሽ ወለሉን እያየች ተናገረች። "ከሰዓት ከጠጣሁ ሌሊት ያወጣኛል። የሽንት ቤቱን ደረጃ በዚህ ጉልበቴ... አንድ ሁለቴ ወድቄያለሁ።"

"መቼ?"

"ማኅሌት ቆመው ሳለ።"

ሦስት ዓመት ሆኗታል። ጉልበቷ ከታመመ ጀምሮ።

ኅዳር 14

ሦስት ዓመት ተጠምታ ኖረች፤ እኔ ለተማሪዎቼ ምሳሌ አደረግኋት።

ኅዳር 15

ከገበያ ፖፖ ገዝቼ መጣሁ። አልጋው ሥር ላደርገው ስል ቱግ አለች። "ከእመቤቴ ሥዕል ሥር? ምን ነክቶዎት ነው!" ተናድጄ "ታዲያ ምን ልሁንልሽ?" ብዬ ጮህኩባት። በታመመች ሴት ላይ። ቆይቼ አፈርኩ። የኔኑ ቃል መልሳ የነገረችኝ እኮ ነው።

አሁን ስትወጣ ክንዷን ይዤ አወርዳታለሁ። ደረጃው ለካ አሥራ ዘጠኝ ነው። ተሸራርፏል፣ ሁለቱ ይወዛወዛሉ። ሠላሳ ዓመት ስወርድበት ቆጥሬው አላውቅም።

ኅዳር 17

እንዳልካቸው ቢሮ ሄድኩ።

"ሽንት ቤቱ ወደ ውስጥ ይመለስ።"

እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "እርስዎ አይደሉም ያስወጡት?"

"እኔ ነኝ።"

"ፈቃድ ገብቷል እኮ መሪጌታ! እንደገና ነው የሚጀመረው።"

"ይጀመር።"

"ምሥራቁስ?"

"ምሥራቅ የትም አይሄድ። እኔ ሳሎን እቆማለሁ።"

ባምላክ ይህንኑ ብሎኝ ነበር የተቆጣሁት። ማታ ደውዬ ነገርኩት። አልሳቀብኝም፣ ያሳደገው ይባረክ... ለካ እኔው ነኝ።

ኅዳር 24

ፈቃድ ሰጪው ባለሙያ ሥልጠና ላይ ነው። ነገ ይምጡ አሉኝ። ባለፈውም ነገ ነበር። ወደ ፈቃድ ቢሮው በባጃጅ ስመላለስ ወገቤ አለቀ። ቢሮው ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዳዊት ደገምኩ፣ ልቤ ግን ከዳዊቱ ጋር አልነበረም። እየተሳደበ ነበር። ማንን? ባለሙያውን መሰለኝ። ባለሙያው ግን ምን አደረገ? ሁለት ጊዜ ያስሠራሁት እኔ።

ኅዳር 29

ዛሬም ነገ።

ታኅሣሥ 9

ፈቃዱ ወጣ። እንዳልካቸው ቦታው ላይ ሲባጎ ወጥሮ ክፍሎቹን በኖራ አሠመረ። የትነበርሽን በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። ትኩሳቱ ለቋታል፣ መከዘራዋን ተደግፋ ትሄዳለች። ቦታውን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። እስከ ዛሬ እንሂድ ያላትም የለም።

ጽጌሬዳ ድንጋይ አስቀመጠች። "እማ፣ አልጋሽ እዚህ ነው። በይ ሂጂ እስቲ።" የትነበርሽ በኖራው መስመር መሐል ቀስ እያለች ሄደች። እየቆጠረች። ሰባት እርምጃ። ሽንት ቤቱ ጋ ደርሳ ቆመች። ተመልሳ እንደገና ሄደች፣ ሰባት መሆኑን ያላመነች ይመስል። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ ዞር አለችና ምሥራቁን አየች፣ እኔን አየች።

"አንቱስ? የት ሊቆሙ ነው?"

"ሳሎን" አልኳት። ቀላል ነገር እንደሆነ ሁሉ።

በመስመሩ ላይ ተረማምዳ ሳሎኑ ጋ ሄደች። መሬቱን በመከዘራዋ መታ መታ አደረገችው። እንዳልካቸውን ጠራችው። እስከ ዛሬ አንድ ቃል ተናግራው አታውቅም።

"ልጄ፣ ይህ ወለል ሴራሚክ ነው የሚሆነው?"

"አዎ እናቴ።"

"መሪጌታ ሲጸልዩ ባዶ እግራቸውን ነው የሚቆሙት። ይበርዳቸዋል። እዚህ ጥጉ ላይ ጣውላ አድርግላቸው።"

ልጁ ጻፈው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ወደ መንገዱ ሳይ ቆየሁ።

በዚህ ቤት ላይ ለሁለት ወር ስጮህ፣ ስሥል፣ ስቀድ፣ ስደውል ከረምኩ። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ለኔ ነው። እኔ ለእሷ አንዱን እንድጠይቅ ሐኪም አስፈለገኝ።