ከኋላዬ የሚሮጠው ኮቴ

ውድ ሰብሊ፣

ጀሞ እንዴት ያዘሽ? ኮንዶሚኒየሙንስ ለመዳችሁት? እማዬ «እናቷን ጎረቤት አጣሁ በያት» ብላኛለች። ደውዬ ልነግርሽ ነበር፤ ግን ፍርሃት በስልክ ሲወራ ያስቃል፣ አንቺ ደግሞ መሳቅ ትወጃለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው።

ፈርቻለሁ፣ ሰብሊ። አብረን የተመዘገብንበት የተራራ ሩጫ ደረሰ። ያን ሁሉ ጫካና ገደል ሳስበው እንቅልፌ ይጠፋል። አንቺ ደግሞ ባለፈው «እዚህ የሚሮጥበት መንገድ የለም፣ በቃ እኔን ተይኝ» አልሽኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የካዛንቺሱ ቤታችሁ ፈርሶ ከሄዳችሁ በኋላ ሱብሂ እሰግድና ጫማዬን አስሬ በሩ ጋ እቆማለሁ። አንቺ በጠጠር ቆርቆሮውን የምታንኳኪበት ሰዓት ነው። የሚያንኳኳ የለም። በሩን ገርበብ አድርጌ ጨለማውን አይና መልሼ እዘጋዋለሁ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ከሮቶው እስከ ሽንት ቤቱ እየተመላለስኩ እሮጣለሁ። አንድ ቀን እማዬ በመስኮት ብቅ ብላ «ፈሪ ለእናቱ ነው፤ ብቻ የልብስ ማስጫዬን እንዳትበጥሺው» አለችኝ። ተራራ እወጣለሁ ብላ የተመዘገበች ሰው ከቤቷ በር መውጣት አቃታት።

ባለፈው ሳምንት ግን በራሴ አፈርኩና ወጣሁ። ድንጋይ ጨብጬ በኦሎምፒያ አድርጌ ወደ መስቀል ፍላወር ወረድኩ። ከጭፈራ ቤት የሚወጡትን ሰካራሞች በሌላኛው ጥግ አለፍኳቸው። ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዦቹ ጋ ያሉትን ውሾች አንቺው ታውቂያቸዋለሽ። ከሁሉም የባሰብኝ ግን ኮቴው ነው። ከኋላዬ ሰው ይሮጣል። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስቀንስ ይቀንሳል። በማግስቱም እዚያው ቦታ ጠበቀኝ፣ ከዚያም ወዲያ እንደዚያው። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፤ ዞሬ ካየሁት የሚይዘኝ መሰለኝ። የማውቀውን ቁርአን ሁሉ በልቤ እየቀራሁ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ሮጥኩ።

ሐሙስ ዕለት ያ ክዳን የሌለው ቱቦ ጋ ስደርስ እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ሄደ። አሰልጣኛችን ያስለመደን ነገር እንዴት እንደማይለቅ ይገርምሻል። በተርታ ስንሮጥ ከፊት ያለው ጉድጓድ ካየ አፉን አይከፍትም፤ እጁን ከወገቡ ኋላ አድርጎ የሚታለፍበትን ጎን ያሳያል። አንቺ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ስንት ጊዜ በዚያ እጅሽ ከስብራት አተረፍሽኝ። አሁን ለማን እንደማሳይ እኔም አላውቅም። ወደ ግራ አሳየሁ። ኮቴው ወደ ግራ ዞሮ ቱቦውን አለፈ።

ሌባ ይሄን ከየት ያውቃል? ቆምኩ። ድንጋዩን አንስቼ ዞርኩ። በነጠላ ጭንቅላቷን የሸፈነች፣ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት ሁለት እጇን ወደ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ድንጋዩን ጣይው፣ እህቴ» አለች እያለከለከች። «ብቻዬን ፈርቼ ነው። አንቺን ካየሁ ጀምሮ ከኋላሽ ነው የምሮጠው።»

«ታዲያ አትጠሪኝም?»

«በጨለማ ብጠራሽ ትቆሚያለሽ?»

እውነቷን ነው፣ አልቆምም ነበር። ለተገብርኤል ትባላለች፤ መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። እሷም ለዚያው ሩጫ ተመዝግባለች፤ የእጅ ምልክቱንም ከሯጮች ለምዳዋለች። አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልን። ትንሽ ስትረጋጋ «አንቺስ ደፋር ነሽ፤ አንድ ቀን እንኳ ዞረሽ አላየሽም» አለችኝ። ያልዞርኩት እኮ ለመዞር ድፍረት አጥቼ ነው።

ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ። ያን ሁሉ ንጋት ጀርባሽን እያየሁ ስሮጥ አንድም ቀን ዞረሽ አታውቂም። እኔም ሰብሊ ምንም አትፈራም እያልኩ ተከተልኩሽ። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ አንቺም ትፈሪ ነበር? ጀሞ እኮ መንገድ አለ። ልጠይቃችሁ የመጣሁ ዕለት አይቼዋለሁ፤ ሰፊ ነው፣ ረጅም ነው፣ ግን መብራት የለውም፣ ሰውም አይታይበትም። ፈራሁ ማለት ከብዶሽ እንደሆነ ይኸው እኔ ቀድሜሽ ብዬዋለሁ።

ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። ዛሬም በሩን የምከፍተው ድንጋዬን ጨብጬ ነው። አሁን ከለተገብርኤል ጋር ሁለት ሆነን እንፈራለን፣ ለውጡ እሱ ብቻ ነው። ጫካው ውስጥ ደግሞ የሚሆነውን አላህ ያውቃል።

ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን መጥተሽ እኛ ጋ እደሪ። እማዬ ፍራሹን ከአሁኑ ፀሐይ ላይ አውጥታልሻለች። ተራራው ላይ በተራዬ ከፊት የምሆነው እኔ ነኝ። ለተገብርኤል ከኋላሽ ትሆናለች። አንቺ እጄን ብቻ እያየሽ ተከተይኝ። ስፈራ ፊቴ ምን እንደሚመስል ከኋላ አይታይሽም፣ አንቺም ያንቺን አሳይተሽኝ አታውቂም።

በሩ ጋ ቆማ ጠጠርሽን የምትጠብቅ፣
ረውዳ
ካዛንቺስ