ጠግቤ ነበር የምበላው

ሰኞ

ዛሬም ስንዘል ግራ ቅልጥሜ ወጋኝ። እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ረሳሁት ስል ይነሳል። ለኮች ትንፍሽ አላልኩም። የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ የብሔራዊ ቡድን መራጮች ጨዋታችንን ሊያዩ ይመጣሉ። በዚህ ሰዓት “አመመኝ” የምትል አጥቂ ካለች ጅል ናት።

ሁዳዴ ነው። የእግር ኳስ ክለባችን ካምፕ ውስጥ አብዛኞቻችን ስለምንጾም ጠዋት እንሮጣለን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አንቀምስም፣ ከዚያ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። እስክጠግብ እበላለሁ። ኮች ግን ልምምድ ላይ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ “ሰኒ፣ ከብደሻል፤ እራት ቀንሺ” አለኝ።

ቀነስኩ። ሻይ ጠጥቼ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ልብስ ልወስድ ፉሪ፣ እማዬ ጋ ሄድኩ። ቁም ሳጥኔን ከፍታ ጠበቀችኝ። በየወሩ መጥቼ እንድወስድ የገዛችልኝ ሞዴስ እንደታሸገ ተቀምጧል።

“ይሄ ለምን አልተነካም?”

እውነቱን ነገርኳት። የወር አበባዬ ከገና በፊት ጀምሮ አልመጣም። ካምፕ ውስጥ በዚህ የሚደነግጥ የለም፤ የቀረባት ልጅ “ፎርም ገባሽ!” ነው የምትባለው። እኔም እንደ ዕድል ነበር ያየሁት። ጨዋታ ቀን አያስጨንቀኝ፣ ነጭ ቁምጣ አያሳቅቀኝ።

እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

“ማነው?”

“ማን ማነው?”

“አባቱ!”

ሳቄ አመለጠኝ። ያ ሳቅ ነው የባሰ ያበገናት። ነገ ሐኪም ቤት ካልሄድን ካምፕ ድረስ መጥታ ኮችን አንገቱን እንደምትይዘው ማለች። እሷ ደግሞ ካለች አለች ነው።

ረቡዕ

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካለ ክሊኒክ ሄድን። ሽንት ሰጠሁ። እርግዝና የለም። እማዬ “ተመስገን” ብላ ልትነሳ ስትል ሐኪሟ “ለምንድን ነው የምታነክሺው?” አለችኝ። ሳላውቀው እያነከስኩ ነበር። ራጅ አስነሳችኝ።

አጥንቴ ተሰንጥቋል። ቀጭን መስመር ናት፣ እንደ ፀጉር።

ከዚያ ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ስነግራት ሆድሽ ይጠግባል፣ ሰውነትሽ ግን ተርቧል አለች። የምሮጠውን ያህል አልመገብም። ሰውነቴ ሲያጥረው መቆጠብ ጀመረ፤ መጀመሪያ የወር አበባዬን አቆመ፣ አሁን አጥንቴ ላይ ደረሰ። ትእዛዟ ሦስት ነው፦ ለወራት መሮጥ የለም። ያለ ቁርስ መዋል የለም። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ እራትም ጨምሪ። በዚህ ላይ ከሮጥሽ ስንጥቁ ስብራት ይሆናል፣ ያኔ ኳስ እርሺው አለችኝ።

ታክሲ ተራ ሄደን ተሰለፍን። ሰልፉ መሐል ነው እማዬ የፈነዳችው። “ልጅሽ ተርባለች ልባል? እኔ? ከዚህስ ብታረግዢ ይሻለኝ ነበር!” ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐሙስ

ኮች ራጁን መስኮት ላይ ይዞ አየው። እሱ በዘመኑ በቆሎ እሸት በልቶ ዘጠና ደቂቃ ይጫወት እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ “ካምፕ የሚሠለጥን ሰው ነው የሚኖርበት፤ ቤትሽ ሄደሽ ዳኚ” አለ። ካልሮጥኩ ቀለብም አልጋም የለም ማለት ነው። ብዪ በተባልኩ ማግሥት።

ካምፕ አንድ ክፍል የምንተኛው ጫልቱ ሻንጣዬን አዘጋጀችልኝ። ስለ ምግቡ ለኮች ልናገር ነው ስላት “ተዪው ባክሽ፣ ከነገሩ ጾም እደሩ” አለችኝ። በሩ ላይ ስንሰነባበት ጆሮዬ ሥር “የኔም ከጥምቀት ወዲህ ጠፍቷል፤ እንዳታወሪ” አለች። አቀፍኳት፣ ሄድኩ።

አርብ

እማዬ ማልዳ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። የታመመ ሰው ይብላ ብለዋታል። እንቁላል በጥቁር ፌስታል ይዛ መጣች፣ በሩንም መስኮቱንም ዘጋች፣ ከዚያ ጠበሰችው። ግቢው ሁሉ ጿሚ ነው፤ በሁዳዴ አርብ ሽታው ቢወጣ የሰው አፍ አይለቀንም።

በጭስ ታፍኜ በላሁ። እሷ እስከ ዘጠኝ ምንም አልቀመሰችም። ጉርሻዬን ይዤ አለቀስኩ። “አልቅሺ፣ ግን እየጎረስሽ” አለችኝ።

ቅዳሜ

ተኛሁ። በላሁ። ተኛሁ። ኳስ ከሌለ እኔ ማን እንደሆንኩ አላውቅም፤ እውነቴን ነው፣ ምንም አይታየኝም። በኔ ቦታ የገባችው ልጅ አልጋዬንም ወሰደች አሉ። እኔ ስድን ማን ያስታውሰኛል?

እሁድ

ተጫወቱ፣ ተሸነፉ። በኔ ቦታ የገባችው ልጅ ጉልበቷ ዞሮ በቃሬዛ ወጣች ብላ ጫልቱ ጻፈችልኝ። ደስ አለኝ። እንደዚህ ያለ ሰው ሆኛለሁ።

ከሰዓት ኮች ደወለ። ድምፁ ማር ማር ይላል። “ሰኒዬ፣ ደህና ነሽ? ትንሽ ስንጥቅ እኮ ናት፤ በፋሻ ጥብቅ እናደርጋታለን። ለሚቀጥለው እሁድ መራጮቹ አንቺን ነው የጠየቁት። ነገ ነይ፣ አልጋሽ ይጠብቅሻል።”

እግሬን አየሁት። ትራስ ላይ ተጋድሟል። ሐኪሟ ያለችው ቃል በቃል ትዝ አለኝ።

“እሺ” አልኩት።

“ማነው?” አለች እማዬ ከጓዳ።

“ኮች ነው። ጤናዬን ሊጠይቅ።”

“እግዜር ይስጠው፣ ለካ ሰው ነው” አለች። ነጠላዋን ለበሰች፣ ለነገ ቁርሴ እንቁላል ልትገዛ ወጣች።