የናሱ እጀታ

ሰኞ

አበላሸሁት። እጄ ገና ሎሚ ሎሚ ይሸታል፤ ልቤም እስካሁን አልተመለሰም።

ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ጠዋት ጠዋት የማግዛቸው የሰማንያ ስድስት ዓመቷ ሜቭራው (ወይዘሮ ማለት ነው) ኤልስ ቤት ነበርኩ። ሳሎናቸው ውስጥ ባለ ሦስት ክንድ የቁም መብራት አለ፤ የአንዱ ክንድ ቆብ ቀይ፣ የአንዱ ነጭ፣ የአንዱ ጥቁር። ከባላቸው ጋር አዲስ ሙሽሮች ሳሉ ከሚላኖ መኪና ጣሪያ ላይ አስረው ያመጡት ነው። እሳቸው ቁርሳቸውን እስኪጨርሱ የክንዶቹን የናስ እጀታዎች በሎሚና በጨው ፈተግኳቸው። እናቴ ቤት በሕማማት ሰኞ ያልተወለወለ ናስ አያድርም ነበር። እንደ ወርቅ አበሩ! ጎሽ እስክባል ቆሜ ጠበቅኩ።

ሜቭራው ሲያዩ ጮኹ። ከዚያ እጀታውን በጣታቸው ዳሰሱት።

"የሄንክ ጣት ነበረበት" አሉ በመጨረሻ።

ሄንክ ባላቸው ናቸው፤ ከሞቱ ሁለት ዓመታቸው። ሲመሽ ቀዩን ክንድ ወደ ሚስታቸው መጽሐፍ የሚያዞሩት እሳቸው ነበሩ። እድፍ ነው ብዬ የፈተግኩት ጥቁረት የስልሳ ዓመት የእጃቸው ወዝ ኖሯል! ምን ነካኝ?

ማክሰኞ

ስልኬ ላይ ያለው የሥራ ፕሮግራም ተቀይሯል። የሜቭራው ቤት ስሜ ሥር የለም። ትራም ውስጥ ደርቄ ቀርቼ ፌርማታዬ አለፈኝ።

ልጄ ሶልያና እንዲህ ዓይነቱን መብራት ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ አሳየችኝ።

"እማዬ፣ የድሮ የጣሊያን ዲዛይን እኮ ነው! ሰው የሚወደው ያንን አሮጌ መልኩን ነው። ሴሪየስ፣ በሎሚ?"

በጥፊ ልላት ቃጣኝ፤ ግን እውነቷን ነው። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት፤ ማለት እኔ ነኝ። ሌላ ቤት ይሰጡኛል፣ እሱ አይደለም ያስደነገጠኝ። የሞተ ሰው እጅ አጥቤ በፍሳሽ ለቀቅኩት።

ረቡዕ

አለቃዬ ደወለች። ሜቭራው ሌላ ሰው አላስገባም ብለዋል፤ ነገ አንቺው ሂጂ አለችኝ። ለምን? ብላት፣ አላውቅም አለችኝ። ሊሰድቡኝ ይሆን? ይገባኛል። የይቅርታ ደብዳቤ በሆላንድኛ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ።

ሐሙስ

በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ሳሎን ገብቼ የሥራ ጓንቴን አጠለቅኩ። መብራቱን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

እጃቸውን ዘረጉልኝ። በሕማማት አንጨባበጥም፤ እኔ ግን ሰጠኋቸው። መብራቱ ጋ ወስደውኝ ጓንቴን አወለቁና እጄን የቀዩ ክንድ እጀታ ላይ አኖሩት።

"ከእንግዲህ አንቺ አዙሪልኝ፤ በየቀኑ፣ ያለ ጓንት" አሉኝ።

ቀዩን ክንድ ወደ መጽሐፋቸው አዞርኩ። እጄን ሳነሳ ናሱ ላይ አንድ የጣት አሻራ ቀረ። ልማድ ሆኖብኝ ጨርቄን ከኪሴ መዝዤ ነበር። ደንግጬ መለስኩት።